ከላንድሮቨር እስከ ላንድክሩዘር፤ በቆቦና በራያ ቆላ የመኪና ሕመም እንዴት ይመረመር ነበር?

ከወልድያ ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚጓዝ መንገደኛ የአላውሃን ወንዝ ተሻግሮ፣ ጎብዬንና ሮቢትን ካለፈ በኋላ የቆቦ ሜዳ ከፊቱ ይዘረጋለታል። በስተ ምዕራብ የግዳንና የላስታ ደጋ እንደ ግንብ ቆሟል፤ በስተ ምሥራቅ የዞብል ተራራ ሜዳውን ከአፋር ቆላ ይለየዋል። በሁለቱ መካከል ያለው መሬት ከባሕር ወለል በላይ 1500 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው፣ በዋጃና በጡሙጋ በኩል እስከ አላማጣ የሚዘልቅ፣ ማሽላ የሚበቅልበት ለጥ ያለ ሜዳ ነው። አብዛኛው አፈር ከምዕራቡ ደጋ በጎርፍ ተጠርጎ የወረደ ደለል ስለሆነ፣ በበጋ እንደ ዱቄት የላመ አቧራ፣ በክረምት ደግሞ ጎማ የሚውጥ ጭቃ ይሆናል። ጎሊናንና ሆርማትን የመሳሰሉት ወንዞችም በበጋ አብዛኛው ስፋታቸው አሸዋና ጠጠር ሲሆን፣ በሐምሌና በነሐሴ ግን ደጋው ላይ በጣለ ዝናብ፣ ሜዳው ላይ ጠብታ እንኳ ሳይወርድ፣ በድንገት ሞልተው ይመጣሉ።

የመጽሔቱ ዝግጅት ክፍል በአራቱም ጎማ በሚጎትቱ አሮጌ መኪናዎች ላይ ስለሚደርሱት የተለመዱ ብልሽቶችና ስለ አጠጋገናቸው ታሪክ አንድ ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቀኝ ጊዜ፣ ሐሳቤ ወዲያውኑ የሄደው ወደዚህ ሜዳ ነው። የፋብሪካው የጥገና መጽሐፍ ብልሽቶችን በክፍል በክፍሉ ከፋፍሎ፣ ሞተሩን ለብቻ፣ ካምቢዮውን ለብቻ፣ ፍሬኑን ለብቻ አድርጎ ያስተምራል። በቆቦ መንገድ ላይ የሠሩት ቀደምት መካኒኮች ግን ከመኪናው በፊት አገሩን ይጠይቁ ነበር፤ መኪናው ከየት መጣ፣ በምን ሰዓት ቆመ፣ አቧራ በላ ወይስ ውሃ ጠጣ? ይህ የአመራመር ልማድ በጽሑፍ ሳይሰፍር ከአዛውንቱ ወደ ረዳቱ በቃልና በእጅ ሲተላለፍ የኖረ ነው። ዛሬ ያን ያወቁት ሰዎች ቁጥራቸው እየሳሳ ስለ መጣ፣ ከእነርሱ ያገኘሁትንና በኋላም በመጻሕፍት ያገናዘብሁትን ያህል እነሆ እጽፋለሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ከመንገዱ ነው። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በማይጨው ከተደረገው ጦርነት በኋላ የኢጣልያ ጦር ኮረምን ይዞ ወደ ደሴ ወረደ። ወራሪው እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየባቸው አምስት ዓመታት ከአሥመራ ተነሥቶ በመቀሌ፣ በማይጨው፣ በኮረም፣ በአላማጣ፣ በቆቦና በደሴ አድርጎ አዲስ አበባ የሚገባውን መንገድ ሠራ። መንገዱ የተሠራው ለጦርና ለግዛት እንጂ ለባላገሩ ጥቅም እንዳልነበር ማንም አይስተውም። ይሁን እንጂ ወራሪው ከወጣም በኋላ መንገዱና በመንገዱ ላይ የተሰበሩት የጭነት መኪናዎች ቀሩ፤ በየጋራዡ የኢጣልያ መካኒኮች ረዳት ሆነው መፍቻ ሲያቀብሉ የነበሩት ወጣቶችም ቀሩ። የአገራችን የመኪና ጥገና ሙያ መሠረቱ በአመዛኙ ከእነዚህ ረዳቶች የተገኘ ነው።

ለዚህም ምስክሩ እስከ ዛሬ የምንናገረው የጋራዥ ቋንቋ ነው። ካምቢዮ በኢጣልያንኛ መለወጥ ማለት ነው፤ ፍሪሲዮን መፋተግ፣ ካንዴላ ሻማ፣ ካቻቢቴም ብሎን ማውጫ ነው። ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ባሌስትራ የሚለው ቃል ሲሆን፣ በጥንቱ ኢጣልያንኛ ትርጉሙ በቀድሞ ዘመን ለጦርነት የሚያገለግል የቀስት መሣሪያ ነበር። የተለጠጠው የብረት ቅጠል የደጋንን ቅርጽ ስለሚመስል ስሙ ወደ መኪና ተሻገረ፤ ከዚያም ቆቦ ገባ። የሚገርመው፣ በኋላ የመጣው የእንግሊዝ ላንድሮቨርም ሆነ የጃፓን ላንድክሩዘር የአካል ክፍሎቹ የሚጠሩት በዚሁ በኢጣልያ ስም ነው። መኪናው ሦስት ጊዜ ዜግነቱን ሲለውጥ መካኒኩ ቋንቋውን አልለወጠም።

በአራቱም ጎማ የሚጎትተው ቀላል መኪና ዓለምን የተዋወቀው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1941 ጀምሮ የአሜሪካው ዊሊስና ፎርድ በጦርነቱ ዘመን ከ600 ሺህ በላይ ጂፖች ሠሩ። የጂፑ ሞተር 2.2 ሊትር ሲሆን፣ 60 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ከጦርነቱ በኋላ ሞሪስ ዊልክስ የተባለው የሮቨር ኩባንያ መሐንዲስ በእርሻው ላይ በሚገለገልበት የጦር ትርፍ ጂፕ መነሻነት አዲስ መኪና ነደፈ። ይህም ላንድሮቨር ተብሎ ሚያዝያ 22 ቀን 1940 ዓ.ም. በአምስተርዳም ለሕዝብ ታየ። በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ አገር ብረት በራሽን ይሰጥ ስለነበረ የመኪናው አካል ከአሉሚኒየም ቅልቅል ተሠራ፤ ሻንሲው ግን ብረት ነው። በዝናባማ አገር የላንድሮቨር ገዳይ በሻንሲው ላይ የሚወጣው ዝገት ሲሆን፣ የራያ ደረቅ አየር ግን በዚህ በኩል ለመኪናው ደግ ሆኖለታል። ሻንሲውን ያተረፈው አገር የሚበቀለው በሌላ በኩል ነው።

በአገራችን ደግሞ በ1943 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት አውራ ጎዳና ባለ ሥልጣን ተቋቋመ፤ በዚያው ዓመት ከዓለም ባንክ ለመንገድ ሥራ 5 ሚሊዮን ዶላር ብድር ተገኘ። አውራ ጎዳናው ቢጠገንም ከጎዳናው የሚገነጠለው መንገድ ሁሉ ግን የግመልና የበቅሎ መንገድ ነበር። በአራቱም ጎማ የሚጎትት መኪና ቆቦ ላይ እውነተኛ ሥራ ያገኘውም ከዚያ ወዲያ፣ ከጎዳናው ሲወጣ ነው። የወባ በሽታን ለመቆጣጠር በ1940ዎቹ ማለቂያ ላይ ለሙከራ ከተመረጡት ቦታዎች አንዱ የቆቦና የጨርጨር ሜዳ ነበር። በ1950 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ደጋውን ሳይቀር የመታው የወባ ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው አሳምሞ 150 ሺህ ያህሉን እንደ ገደለ ይገመታል። በ1951 ዓ.ም. የወባ ማጥፊያ ድርጅት ሲቋቋም የዲዲቲ ረጪዎችን ከመንደር መንደር የሚያደርስ መኪና የግድ አስፈለገ። የርጭቱ ጊዜ የሚወሰነው በዝናቡ ስለሆነ፣ መኪናው አንድ ሳምንት ቢቆም የአንድ ቀበሌ ቤት ሁሉ ሳይረጭ ክረምቱ ይገባል። ጥገና በዚህ አገር ከመጀመሪያውም የሰው ሕይወት ጉዳይ ሆኖ የተነሣው በዚህ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ ስለ መሣሪያ አንድ ነገር ልጨምር። ከኢጣልያ ዘመን የተረፈው የመፍቻ ሣጥን በሚሊ ሜትር የተለካ ነበር፤ የላንድሮቨር ዳዶና ቡሎን ግን በኢንች ነው። ግማሽ ኢንች 12.7 ሚሊ ሜትር ስለሆነ 13 ቁጥር መፍቻ የገባ ይመስላል፤ ኃይል ሲበዛበት ግን ተንሸራትቶ የዳዶውን ጠርዝ ይበላዋል። በየጋራዡ የምናያቸው ክብ የሆኑ፣ በመሮ ካልተመቱ በቀር የማይፈቱት ዳዶዎች ታሪካቸው ይኸው ነው። ላንድክሩዘር በሚሊ ሜትር ሆኖ ሲመጣ አሮጌው ሣጥን እንደገና ወግ ደረሰው።

ወደ ሕመሞቹ እንግባ። የመጀመሪያው የአገሩ በሽታ አቧራ ነው። በዚያ ዘመን የነበሩት ሞተሮች የአየር ማጣሪያቸው በሥሩ የዘይት ገንዳ ያለው ነበር፤ የሚገባው አየር በዘይቱ ላይ ሲታጠፍ አቧራው እዚያው ይቀራል። ፋብሪካውም አቧራ በበዛበት አገር ዘይቱ በየቀኑ እንኳ ይታይ ብሎ ያዝዛል። በቆቦ ሜዳ ሁለት መኪና ተከታትሎ ሲሄድ የኋለኛው የሚውጠውን አቧራ ያየ ሰው ትእዛዙ ማጋነን እንዳልሆነ ይረዳል። ገንዳው በጭቃ ሲሞላ አየር ያንሳል፤ ሞተሩ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ቤንዚን ይበላል፣ ጉልበት ያጣል። ብዙ ሾፌር ይህን ሲያይ ካርቡራተሩን ይፈታል። ከዚያ የሚብሰው ደግሞ ማጣሪያው ጭራሽ ተወርውሮ መኪናው ያለ ማጣሪያ ሲነዳ ነው፤ ጭሱ ስለሚጠራ ሾፌሩ ደስ ይለዋል፣ አቧራው ግን የፒስተኑን ፋሻና የሲሊንደሩን ግድግዳ እንደ ሞረድ ይበላዋል።

ፋሻ ተበልቷል ወይስ ቫልቭ አይገጥምም የሚለውን ለመለየት ቀደምቶቹ የሚጠቀሙበት ዘዴ ዛሬም ያልተሻረ ነው። ካንዴላው ተነቅሎ ሞተሩ ሲዞር የእያንዳንዱ ሲሊንደር ኮምፕሬሲዮን በመለኪያ ይታያል፤ መለኪያ በሌለበት አውራ ጣት ቀዳዳው ላይ ተጭኖ ይገመታል። ደካማ የሆነው ሲሊንደር ሲገኝ አንድ ማንኪያ ያህል የሞተር ዘይት በካንዴላው ቀዳዳ ይጨመርና እንደገና ይለካል። ኮምፕሬሲዮኑ ከፍ ካለ ዘይቱ ለጊዜው የፋሻውን ክፍተት ስለ ደፈነው ሕመሙ ከፋሻው ነው፤ ካልተለወጠ ቫልቩ ወይም የቴስታታው ጓርኒሲዮን ነው። የዚህ ምርመራ ዋጋው አንድ ማንኪያ ዘይት ሲሆን፣ ያልተደረገ እንደሆነ ግን ሞተር በከንቱ ይወርዳል።

ሁለተኛው የአገሩ በሽታ ሙቀት ሲሆን፣ ከሁሉ ይልቅ መካኒክን የሚያሳስተው ይህ ነው። መኪናው ጧት በሚገባ ይነሣል፤ ፀሐይ ከፍ ሲል፣ አሸዋ ላይ በዝቅተኛ ማርሽ ጥቂት እንደ ተጓዘ፣ ያስነጥሰውና ይቆማል። ግማሽ ሰዓት ጥላ ሥር ካረፈ በኋላ ምንም እንዳልሆነ ተነሥቶ ይሄዳል፤ ደግሞ ይቆማል። ይህ አንድ ምልክት ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ሕመሞች አሉት። አንደኛው ቤንዚኑ በቱቦውና በፓምፑ ውስጥ ፈልቶ ተን ሲሆን ነው። የላንድሮቨር የቤንዚን ፓምፕ ሞተሩ ጎን ላይ ስለ ተገጠመ ግለቱን ይወስዳል፤ በከፍታ አገር ደግሞ ፈሳሽ ሁሉ ቶሎ ይፈላል። ሁለተኛው ቦቢናው ወይም ኮንደንሰሩ ሲግል ውስጡ የሚከዳበት ነው፤ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። ሦስተኛው የቤንዚን ታንኩ ክዳን መተንፈሻ ቀዳዳ በአቧራ ሲደፈን ነው፤ ቤንዚኑ ሲወጣ በምትኩ አየር ስለማይገባ ታንኩ ውስጥ ስበት ይፈጠርና ፓምፑ መሳብ ይሳነዋል። መኪናው ሲያርፍ አየሩ ቀስ ብሎ ሰርጎ ስለሚገባ እንደገና ይነሣል።

ሦስቱን የሚለየው ቅደም ተከተል ነው፤ ቅደም ተከተሉንም የተማርሁት አፍሬ ነው። በ1977 ዓ.ም. ጥቅምት ወር፣ የኮረም መጠለያ በረኃብ በተጎዳ ሕዝብ ተሞልቶ፣ የዓለም ዓይን ወደዚያ በዞረበት ጊዜ፣ እኔ ገና ጀማሪ ቴክኒሻን ሆኜ ከቆቦ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ዞብል ግርጌ ወዳሉት መንደሮች የዱቄት ወተት በሚያመላልስ አንድ ረጅም የቤንዚን ላንድሮቨር ላይ ተመድቤ ነበር። መኪናው ሆርማትን ተሻግሮ ጥቂት እንደ ሄደ ቆመ። ካርቡራተሩን ፈትቼ አጠብሁ፤ ተነሣ፣ ሄደ፣ ቆመ። በማግስቱ ፓምፑን ለወጥሁ፤ ተነሣ፣ ሄደ፣ ቆመ። ካርቡራተሩን እንደገና አጠብሁ። በየጊዜው መነሣቱ ያዳንሁት መሰለኝ፤ የሚያስነሣው ግን እኔ ስሠራ የሚፈጀው ጊዜ እንጂ ሥራዬ አልነበረም። በሁለተኛው ቀን ማታ የሞተሩ ዕድሜ አልቋልና ይውረድ የሚል ማስታወሻ ጻፍሁ።

በሦስተኛው ቀን ከቆቦ አንድ አዛውንት መካኒክ በጭነት መኪና መጡ። ከኢጣልያኖች ጋራዥ በልጅነታቸው የጀመሩ ሰው ነበሩ። ኮፈኑን አልከፈቱም። «ስትቆምባችሁ ምን ያህል ሄዳችሁ ነው?» ብለው ሾፌሩን ጠየቁት። «ሃያ ደቂቃ ያህል ነው፣ ጋሼ» አላቸው። «ታንኩ ሙሉ ሲሆን ነው ወይስ ሲጎድል?» ሾፌሩ አሰበና «ሙሉ ሲሆን ቶሎ ትቆማለች» አለ። ዝም ብለው መኪናውን አስነድተው ተቀመጡበት፤ ሞተሩ ሲያስነጥሰው ወርደው የታንኩን ክዳን ፈቱ። ፉት የሚል ድምፅ ወደ ውስጥ ሲሳብ ሁላችንም ሰማነው። ክዳኑን በእጄ አስይዘውኝ «ይኸው ሞተርህ» አሉኝ፤ ቀዳዳውን በስንጥር ወግተው አጸዱና ሄዱ። ሙሉ ታንክ ቶሎ የሚያስቆመው ከቤንዚኑ በላይ ያለው አየር ጥቂት ስለሆነ ስበቱ ቶሎ ስለሚበረታ ነው፤ ይህን የተረዳሁት በኋላ ነው። ከታችኛው መንደር በግራር ጥላ ሥር ጣሳ ይዘው የሚጠብቁት እናቶች ሁለት ቀን ጠብቀዋል። ስለዚህ ነገር ከዚህ የበለጠ መጻፍ አልፈልግም።

ቅደም ተከተሉ እንግዲህ እንዲህ ነው። መኪናው እንደ ቆመ፣ ሳይቀዘቅዝ፣ በመጀመሪያ የታንኩ ክዳን ይፈታል፤ አየር ከሳበ ሕመሙ ተገኘ። ካልሳበ ከቦቢናው የሚወጣው ወፍራሙ ሽቦ ከዲስትሪቢውተሩ ተነቅሎ በሞተሩ አካል አጠገብ ተይዞ ሞተሩ ይዞራል፤ የእሳቱ ብልጭታ ከሌለ ወይም ደብዛዛ ቢጫ ከሆነ ፑንቲናው፣ ኮንደንሰሩና ቦቢናው ይመረመራሉ። ይህ ሲደረግ በአካባቢው የፈሰሰ ቤንዚን እንዳይኖር መጠንቀቅ ያሻል። ብልጭታው ሰማያዊና ጠንካራ ከሆነ በፓምፑና በቱቦው ላይ እርጥብ ጨርቅ ይጣላል፤ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከተነሣ ቤንዚኑ ፈልቶ ነበር። ለዘለቄታው ቱቦውን ከጭስ ማውጫው ማራቅና በመካከሉ ላሜራ መከለል ይበቃል። በዚህ ሁሉ ላይ አንድም ዕቃ አልተለወጠም። የዛሬው ልማዳችን አስቀድሞ መለወጥ፣ ከዚያ መመርመር በመሆኑ ለመለዋወጫ የምናወጣው ገንዘብ እጅግ ብዙ ነው፤ የተነቀለው ዕቃ ደኅና መሆኑን የሚያረጋግጥም የለም።

ከአላማጣ ወደ ኮረም የሚያወጣው የግራካሱ ዳገት ደግሞ የራሱ ሕመም አለው። መኪናው በአጭር ርቀት 1000 ሜትር ያህል ከፍታ ሲወጣ ውሃው ይፈላል። በዚህ ጊዜ ብዙ መካኒክ ቴርሞስታቱን ነቅሎ ይጥላል። ይህ ስሕተት ነው ብዬ በግልጽ እናገራለሁ። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ውሃው ወደ ራዲያተሩ ሳይሄድ እዚያው የሚዞርበት አቋራጭ መንገድ ባለበት ሞተር ላይ፣ ቴርሞስታቱ ሲከፈት ያንኑ አቋራጭ ይዘጋዋል፤ ሲነቀል ግን አቋራጩ ክፍት ስለሚቀር ከፈላው ውሃ ከፊሉ ሳይቀዘቅዝ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ስለዚህ ሙቀትን ለማብረድ የተደረገው ነገር ሙቀትን ያበዛል። በኮረም ብርድ ደግሞ ሞተሩ ሳይሞቅ ስለሚሠራ ሲሊንደሩ ቶሎ ያልቃል። ከሁሉ በፊት መታየት የሚገባው የራዲያተሩ ፊት በአቧራና በማሽላ ገለባ መደፈኑ፣ የቬንቲሌተሩ ቺንጋ መላላቱና የራዲያተሩ ክዳን ጎሚኒ መድረቁ ነው። ክዳኑ ግፊት ካልያዘ ውሃው ከወትሮው በታች በሆነ ሙቀት ይፈላል። እነዚህ ደኅና ሆነው ውሃው ቢጎድል፣ ራዲያተሩ ውስጥ ሞተሩ ሲሠራ አረፋ ቢታይ፣ የሞተሩም ዘይት ማኪያቶ ቢመስል ጓርኒሲዮኑ ተበልቷልና መንገዱ እዚያው ያብቃ።

ቁልቁለቱን በተመለከተ አጭር ቃል ይበቃል። ፔዳሉ ጠንካራ ሆኖ መኪናው የማይቆም ከሆነ የፍሬን ሸራው ግሏል ወይም ዘይት ነክቶታል፤ ፔዳሉ ለስላሳ ሆኖ የሚሰምጥ ከሆነ ደግሞ በፍሬን ዘይቱ ውስጥ አየር ወይም ተን አለ። የፍሬን ዘይት ከአየሩ እርጥበት ስለሚስብ ሲያረጅ ቶሎ ይፈላል፤ ሾፌሩም በዝቅተኛ ማርሽ ሊወርድ ይገባዋል። የጥንቱ ላንድሮቨር አንደኛና ሁለተኛ ማርሹ ሲንክሮናይዘር ስለሌለው፣ ወደ ታች ለመመለስ ፍሪሲዮን ሁለት ጊዜ ረግጦ በመካከሉ ነዳጅ መስጠት ያስፈልግ ነበር። ይህን ያልተማረ ሾፌር ግራካሱ ላይ ማርሽ አጥቶ በፍሬን ብቻ ይወርዳል።

የአሸዋው ወንዝ የሚሰብረው ደግሞ ከዲፈረንሻል ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደውን ዘንግ ነው። ላንድሮቨር በአስፋልት ሲሄድ የሚጎትተው በኋላ ጎማ ብቻ ነው፤ ሾፌሩ ቢጫውን እጀታ ወደ ታች ሲጫን የፊቱም ይጨመራል፤ ቀዩ እጀታ ደግሞ ኃይለኛውን ዝቅተኛ ማርሽ ያስገባል። ብዙ ሾፌር እጀታውን የሚጫነው መኪናው አሸዋ ውስጥ ከቆመ በኋላ ነው። እስከዚያው በኋላ ጎማ ብቻ ሲታገል፣ አንዱ ጎማ በባዶ ሲዞር ቆይቶ በድንገት ጠንካራ መሬት ሲይዝ ዘንጉ ይቆረጣል። ምልክቱ ቀላል ነው። ማርሽ ገብቶ ፍሪሲዮን ሲለቀቅ የኋላው ካርዳን እየዞረ መኪናው ባለበት ከቆመ ዘንጉ ተቆርጧል፤ ካርዳኑም ካልዞረ ግን ነገሩ የፍሪሲዮን ወይም የካምቢዮ ነው።

የላንድሮቨር ሥሪት ደግነቱ የጎማውን ክብደት የሚሸከመው ዘንጉ አለመሆኑ ነው። ስለዚህ በጎማው መካከል ያሉት ቡሎኖች ተፈትተው የተሰበረው ዘንግ ሲወጣ ጎማው አይወድቅም። ውስጥ የቀረው ቁራጭ ከዚያኛው ወገን ዘንጉ ተስቦ በረጅም ብረት ይገፋል። የጎማው መካከል አቧራ እንዳይገባና ዘይት እንዳይፈስ በላሜራና በጨርቅ ይታሰራል፤ ቢጫው እጀታ ተጭኖ በፊት ጎማ ብቻ ቀስ እየተባለ ወደ ቤት ይገባል። ውሃ የተሻገረ መኪና ደግሞ በማግስቱ የዲፈረንሻሉና የፊት ጎማው መዞሪያ ዘይት መታየት አለበት። ግሎ የነበረው ብረት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ ውስጡ ያለው አየር ስለሚኮማተር ውሃውን ከነደለሉ በጎሚኒው በኩል ይስበዋል። ይህ ጉዳት ወዲያው አይታይም፤ ከሁለት ወር በኋላ ኩሽኔታው ሲጮህ ነው የሚታወቀው፤ ያኔም የሚረገመው ፋብሪካው ነው።

ስለ ኤሌክትሪኩ አንድ ነገር ብቻ እጠቅሳለሁ። እስከ እ.ኤ.አ. 1960ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ድረስ የተሠሩት ላንድሮቨሮች ከሻንሲው ጋር የሚያያዘው የባትሪያቸው ፖዚቲቭ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የመጡት ግን ኔጋቲቩ ነው። አሮጌውን እንደ አዲሱ፣ አዲሱን እንደ አሮጌው አድርጎ ባትሪ ያሰረ ብዙ ነው። ዲናሞ ይህን ስሕተት ሊችል ይችላል፤ አልተርኔተር ግን በቅጽበት ይቃጠላል።

ላንድክሩዘር ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1951 ከሠራው ጂፕ መሰል መኪና የተወለደ ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው በ1954 ነው። በዓለም ላይ ስሙን የተከለው ከ1960 ጀምሮ የተሠራው 40 የተባለው ዘር ነው። በአገራችን ከ1965ቱ የወሎ ረኃብ በኋላ፣ በሚያዝያ 1966 ዓ.ም. የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን ከተቋቋመ ወዲህ፣ በተለይም በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ ላንድክሩዘር እየበዛ የላንድሮቨርን ቦታ ወሰደ። ዘንጉና ካምቢዮው የአሸዋውን ትግል የበለጠ ስለሚችሉ መካኒኩ ወደደው። ነገር ግን በናፍጣ የሚሠራው ሲመጣ አዲስ ሕመም መጣ፤ ካንዴላና ፑንቲና የለውም፤ በጆሮ የለመደ ሰው ግራ ተጋባ።

የናፍጣ ሞተር የሚፈልገው ንጹሕ ነዳጅና አየር የማይገባበት መስመር ነው። በበርሜል ተጭኖ የመጣ፣ አቧራና ውሃ ያለበት ናፍጣ ፖምፓውንና ኖዝሉን ይበላል። መስመሩ አየር ከሳበ ሞተሩ ይንገጫገጭና ይጠፋል፤ መድኃኒቱ የማስተንፈሻውን ብሎን ላላ አድርጎ አረፋው እስኪጠፋ በእጅ ፓምፕ መግፋት ነው። ከሁሉ የሚስበው ግን ይህ ነው፤ በአሮጌዎቹ የላንድክሩዘር የናፍጣ ሞተሮች ላይ የነዳጁን መጠን የሚወስነው በአየር ስበት የሚንቀሳቀስ ስስ የቆዳ ዲያፍራም ነበር። በሙቀትና በዕድሜ ቆዳው ደርቆ ሲሰነጠቅ ፖምፓው ያለ ልክ ይመግባል፤ ሞተሩ ጥቁር ጭስ እየተፋ በራሱ ይፈጥናል። ፖምፓው በሙሉ ተነቅሎ ወደ ደሴ ወይም ወደ አዲስ አበባ ሲላክ ያየሁት ከአንድ ጊዜ በላይ ነው። ምርመራው ግን በጣት የሚደረግ ነው። ሞተሩ ቆሞ የስበቱ ቱቦ ይነቀላል፤ የፖምፓው ማቆሚያ እጀታ ይገፋና የቱቦው ቀዳዳ በጣት ይደፈናል፤ እጀታው ሲለቀቅ ባለበት ከቆየ ዲያፍራሙ ደኅና ነው፤ ወዲያው ከተመለሰ ተቀዷል። ኬላውን የሚያልፈው እንግዲህ ፖምፓው ሳይሆን አንዲት ቁራጭ ቆዳ ብቻ ትሆን ነበር።

በዚህ ሜዳ ላይ መኪና የተፈለገበት ጊዜ አላበቃም። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የአንበጣ መንጋ የራያን ማሽላ ለአጨዳ ሲደርስ ወረረው። ያ ሳያባራ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. የተካሄደው ጦርነት ቆቦን ደጋግሞ አገኛት፤ ሰው አለቀ፣ ንብረትና ተሽከርካሪ ወደመ። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ባገለገሉ መኪናዎች ላይ ቀረጡን አክብዷል፤ በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ተገለጠ። የውሳኔውን ጥቅምና ጉዳት መመዘን የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አይደለም። በሙያችን በኩል ትርጉሙ ግን ግልጽ ነው፤ ከጎዳናው ውጭ ያሉት ቀበሌዎች ለረጅም ጊዜ የሚገለገሉት አሁን በእጃቸው ባሉት አሮጌ መኪናዎች ነው።

ለዚህ የሚሆን የጥገና መጽሐፍ በአማርኛ የለንም ማለት ይቻላል። የእንግሊዝኛው መጽሐፍ ስለ ሆርማት አሸዋና ስለ ግራካሱ ዳገት አይናገርም፤ የሚያውቁት አዛውንቶችም አይጽፉም። ማኅበራችን አንድ ሁለት ወጣት ቴክኒሻኖችን ወረቀትና የድምፅ መቅጃ አስይዞ ወደ ወልድያ፣ ወደ ቆቦና ወደ አላማጣ ጋራዦች ቢልክ ወጪው ከአንድ የናፍጣ ፖምፓ ዋጋ አይበልጥም። ጥያቄውንም ከየት እንደሚጀምሩ ልነግራቸው እችላለሁ፤ መኪናው ስትቆም ታንኩ ሙሉ ነበር ወይስ ጎዶሎ?